እውነተኛው የቬትናም ማእድ፦ በጉዞ ላይና በቤታችን

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፣ ሙሉ ቃል



 ምግብ በትምህርት ተቋሞቻችን ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚጠናው ከሥነ ምግብ ወይም ከግብርና አንጻር ነው። እንደ ቋንቋ የሚነበብ፣ እንደ ታሪክ የሚተረክ፣ እንደ ሐሳብም የሚከራከሩበት ነገር መሆኑ ገና በበቂ አልተመረመረም።

ዛሬ የመረጥኩት ርእስ የቬትናም ምግብ ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር «እውነተኛ የቬትናም ምግብ» የሚለው አነጋገር ነው። ወደ ሃኖይ ወይም ወደ ሆቺሚን ከተማ የሚሄድ መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት «እውነተኛውን የት አገኘዋለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ከጉዞው ተመልሶ በቤቱ ድስት ሲጥድ ደግሞ «ይህ የሠራሁት እውነተኛ ነውን?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሰዎችን የሚያከብርም የሚያዋርድም ፍርድ በውስጡ አለ። የአንዱን ባለሙያ ሥራ «እውነተኛ»፣ የሌላውን «የተበረዘ» ባልን ቍጥር የሰውን ታሪክና የሰውን መተዳደሪያ እንነካለን።

ስለዚህ በዚህ ገለጻ ሁለት ነገሮችን ለማድረግ እሞክራለሁ። አንደኛ፣ የቬትናም ማእድ በምን መሠረት ላይ እንደ ቆመና እንዴት እየተለወጠ እንደ መጣ አሳያለሁ። ሁለተኛ፣ ከዚህ ተነሥቼ መንገደኛው ምን ልብ ሊል፣ በቤቱ የሚያበስለውም ምን ሊጠብቅና ምን ሊለውጥ እንደሚችል አመለክታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሩዝ፣ ውኃና ዓሣ

ቬትናም በባሕር ዳርቻ ላይ የተዘረጋች ረጅምና ቀጭን አገር ናት። በሰሜን የቀይ ወንዝ፣ በደቡብ የሜኮንግ ወንዝ ያመጡት ደለል ሰፋፊ የሩዝ ማሳዎችን ፈጥሯል፤ በመካከል ያለው ምድር ጠባብና ተራራማ ነው፤ የባሕር ጠረፏም ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የምግቡ ሰዋስው ከዚህ መልክዓ ምድር ይጀምራል።

ቋንቋው ራሱ ይህን ይመሰክራል። «ኮም» የሚለው ቃል የበሰለ ሩዝ ማለት ነው፤ በጠቅላላው ምግብ ማለትም ነው። አንድ ቬትናማዊ ወዳጁን «ኮም በላህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰላምታም እንክብካቤም ማቅረቡ ነው። እንጀራ የሚለው ቃል ከምግብነት አልፎ መተዳደሪያን ሁሉ እንደሚያመለክት ለሚያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። «ኑዎክ» የሚለው ቃል ደግሞ ውኃ ማለት ሲሆን፣ በዚሁ ቃል አገርም ይጠራበታል። ውኃንና አገርን በአንድ ስም የሚጠራ ሕዝብ የማእዱን ዋና ማጣፈጫም ከዚያው ቃል ቢሰይመው አያስደንቅም፤ ስሙ «ኑዎክ ማም» ነው።

ኑዎክ ማም ከትንንሽ የባሕር ዓሣና ከጨው ተብላልቶ የሚወጣ፣ የማር ወይም የጠቆረ ሻይ መልክ ያለው ፈሳሽ ነው። በፉ ኩዎክ ደሴት እንደሚሠራበት ልማድ፣ አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ገና ከመረብ እንደ ወጣ፣ ሦስት እጅ ዓሣ ለአንድ እጅ ጨው በሆነ መጠን ይደባለቃል። ከዚያም በትልልቅ የእንጨት በርሜሎች ውስጥ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀመጣል። ጨው መበስበስን ይከለክላል፤ በዓሣው አካል ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ደግሞ ፕሮቲኑን ቀስ በቀስ ወደ አሚኖ አሲድ ይፈቱታል፤ የጣዕሙ ጥልቀትም ከዚህ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ከበርሜሉ ሥር የሚቀዳው ከሁሉ የላቀው ነው። ጥራቱ የሚለካው በአንድ ሊትር ውስጥ ባለው የናይትሮጂን ግራም ሲሆን፣ በጠርሙሱ ላይ 30 ወይም 40 ተብሎ የሚታየው ቍጥር ይህንኑ ያመለክታል።

ሁለተኛው መሠረት የትኩስ ቅጠል ሳህን ነው። በአንድ ማእድ ላይ ናና፣ የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል፣ የድንብላል ቅጠል፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ሌላ ቅጠል፣ አንዳንዴም ጥሬ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ቅጠል ሳይቈራረጥ ተከምሮ ይቀርባል። ይህ ክምር ለማስጌጥ የተቀመጠ አይደለም፤ የምግቡ እኩሌታ ነው። ትኩሱ ከቀዝቃዛው፣ የበሰለው ከጥሬው፣ ጨዋማው ከጎምዛዛው፣ ጣፋጩ ከሚያቃጥለው ጋር የሚታረቀው በዚህ ሳህን አማካይነት ነው።

ከእነዚህ ሁለቱ ሦስተኛው መሠረት ይወለዳል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ነው። የቬትናም ምግብ በማእድ ቤት አያልቅም። አብሳዩ እስከ አንድ ደረጃ ያደርሰዋል፤ የቀረውን ተመጋቢው ይፈጽመዋል። ሎሚውን የሚጨምቀው፣ ቅጠሉን የሚቀነጥሰው፣ ቃሪያውን የሚመጥነው፣ ቍራሹን ጠቅልሎ በማጥቀሻው ውስጥ የሚነክረው ተመጋቢው ነው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ አራት ሰዎች ከአንድ ድስት የወጣ ምግብ ሲበሉ አራት የተለያዩ ጣዕሞችን ያጣጥማሉ። «እውነተኛውን» አንድ ወጥ አድርጎ መወሰን የሚያስቸግረውም ገና ከዚህ ጀምሮ ነው።

የፎ ታሪክ እንደ ማስረጃ

ይህን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በዓለም ዘንድ የቬትናም መለያ ሆኖ የሚታወቀው ፎ የሚባለው የሩዝ ኑድልና የሥጋ መረቅ ነው። እኛ «ፎ» ብለን ብንጽፈውም አነባበቡ «ፈ» ለሚለው ፊደላችን ይቀርባል። ብዙ ሰው ከጥንት ጀምሮ የነበረ ምግብ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ በሃኖይና በናም ዲን አካባቢ የተወለደ ነው።

ቀድሞ በሬና ጎሽ ለእርሻ የሚፈለጉ እንስሳት ስለ ነበሩ የከብት ሥጋ በብዛት አይበላም ነበር። ፈረንሳውያኑ ግን የበሬ ሥጋ ፈላጊዎች ነበሩ፤ የሚተርፈው አጥንትም በመንገድ ምግብ ሻጮች እጅ ገባ። ስለ ስሙ አመጣጥ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ በደቡብ ቻይና ቋንቋ የሩዝ ኑድልን ከሚጠራው ቃል ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ፈረንሳዮች በአንድ ድስት ከሚቀቅሉት የሥጋና የአትክልት ምግብ ስም ጋር ያያይዙታል። የክርክሩ መኖር ራሱ አንድ ነገር ያስተምረናል፦ የአገሪቱ መለያ የሆነው ምግብ ሦስት ሕዝቦች በተገናኙበት መንገድ ዳር የተፈጠረ ነው።

በ1954 የጄኔቫው ስምምነት አገሪቱን በ17ኛው ትይዩ መስመር ለሁለት ሲከፍላት ከ800,000 በላይ ሰዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰደዱ። ፎም አብሯቸው ተሰደደ። በሃኖይ መረቁ ጥርት ያለ፣ አጃቢውም ጥቂት ነበር፤ የሽንኩርት ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤ፣ ቃሪያ፣ ይኸው ነው። በሳይጎን ግን ምድሩ ለምለም፣ አትክልቱ ብዙ፣ የሕዝቡም ጣዕም ወደ ጣፋጭ ያደላ በመሆኑ በዚያው ሳህን ላይ የማሾ ቡቃያ፣ የቅጠል ክምርና ጣፋጭ የአኩሪ አተር ድልህ ተጨመረ። እስከ ዛሬ ድረስ የሃኖይ ሰው የሳይጎኑን «የተዝረከረከ»፣ የሳይጎን ሰው የሃኖዩን «ባዶ» ይለዋል።

በሰሜን የሆነውም ቀላል አልነበረም። ደራሲው ንዊየን ቱዋን በ1957 ስለ ፎ አንድ መጣጥፍ ሲጽፍ፣ በዚያ የአብዮት ዘመን ስለ አንድ ሳህን ደስታ መጻፉ ከነቀፋ አላዳነውም። በጦርነቱና ከዚያ በኋላ በነበረው የራሽን ዘመን በመንግሥት ምግብ ቤቶች ሥጋ የሌለበት ፎ ይቀርብ ነበር። ሕዝቡም በሰማዩ ላይ ይበርሩ ከነበሩት ሰው አልባ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላኖች ስም ተውሶ «አብራሪ የሌለው ፎ» ሲል ቀለደበት። የ1986ቱ የኢኮኖሚ ማሻሻያ ከታወጀ በኋላ የግል ማእድ ቤቶች ተመለሱ። በ2024 ደግሞ የሃኖይ ፎና የናም ዲን ፎ በአገሪቱ የባህል ሚኒስቴር የማይዳሰሱ ብሔራዊ ቅርሶች ተብለው ተመዘገቡ።

እንግዲህ እውነተኛው ፎ የቱ ነው? በቅኝ ግዛት ዘመን በትከሻ ላይ በቀርከሃ መሸከሚያ እየዞረ የተሸጠው ነውን? ከስደተኛ ጋር ወደ ደቡብ የወረደው ነውን? ወይስ ሕዝቡ በችግር ቀን እየቀለደ የጠጣው ባዶ መረቅ? እንደ እኔ አስተያየት ሁሉም ናቸው፤ ምክንያቱም ሁሉም የተሠሩት በውስጡ ይኖሩ በነበሩ ሰዎች፣ ባላቸው ነገር፣ ለራሳቸው ማእድ ነው።

ቃሉ በገበያ እጅ ሲወድቅ

«እውነተኛ» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት ብቻ የሚኖር ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በዚህ ባበቃ ነበር። ግን የገበያ ቃልም ነው። በ2012 የፉ ኩዎክ ኑዎክ ማም በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ የአመጣጥ ስያሜ አገኘ፤ ይህን ያገኘ የመጀመሪያው የቬትናም ምርትም ሆነ። ከዚያ ወዲህ በኅብረቱ ገበያ ውስጥ በዚያ ስም መሸጥ የሚችለው በደሴቲቱ ላይ በታወቀው ሥርዓት የተሠራው ብቻ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2016፣ ነገሩ ተገለበጠ። አንድ የሸማቾች ማኅበር በገበያ ላይ ባሉ አብዛኞቹ ናሙናዎች ውስጥ ከተፈቀደው በላይ አርሴኒክ እንዳገኘ አስታወቀ። ናይትሮጂናቸው ከፍ ያሉት፣ ማለትም በባህላዊው መንገድ የተሠሩት፣ ይበልጥ ተወነጀሉ። ሕዝቡ ደነገጠ፤ ለትውልድ ሲያብላሉ የኖሩ ቤተሰቦችም ገበያቸውን ሊያጡ ተቃረቡ። ነገር ግን መርዛማው አርሴኒክ ኢኦርጋኒክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ በባሕር ፍጥረታት ውስጥ በተፈጥሮ በብዛት የሚገኘው ኦርጋኒኩ ዓይነት እንደዚያ የሚያስፈራ አይደለም። ዘገባው ሁለቱን አልለየም ነበር። የጤና ሚኒስቴር በቀናት ውስጥ ባደረገው ምርመራ ኢኦርጋኒክ አርሴኒክ በናሙናዎቹ እንዳልተገኘ ገለጸ፤ ወሬውን ያሰራጩ ጋዜጦችም ተቀጡ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ደጋግሜ የማነሣው በምክንያት ነው። ከዓሣ ይልቅ በውኃ፣ በቀለምና በማጣፈጫ የተሞላው የፋብሪካ ማጥቀሻ በዚያ መለኪያ ንጹሕ ሆኖ ታየ፤ ብዙ ዓሣ ያለበት ጠርሙስ ደግሞ ጥፋተኛ ሆኖ ቀረበ። አንድን ምግብ ሳያውቁ መለካት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እውነተኛነት ስሜት ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም ይጠይቃል፤ ዕውቀቱ ሲጐድል የሚጎዳው በርሜሉን የሚጠብቀው ሰው ነው።

መንገደኛው ልብ የሚላቸው ነገሮች

አሁን ወደ ጉዞው ልሻገር። በቬትናም በቈየሁባቸው ጊዜያት የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ሰዓትን ማወቅ ነው። እያንዳንዱ ምግብ የራሱ ሰዓት አለው። በሃኖይ ፎ በዋናነት የማለዳ ምግብ ነው። በአሮጌው ሰፈር እየተመላለስኩ የምበላባት አንዲት ሻጭ ድስቷ ሲያልቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት፣ በርጩማዎቿን ደራርባ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። እኩለ ቀን ላይ የቡን ቻ ጢስ ጎዳናውን ይሞላዋል፤ ይህ በከሰል ላይ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ በቀጠነ ኑዎክ ማም ውስጥ ተነክሮ፣ ከቀጭን የሩዝ ኑድልና ከቅጠል ጋር የሚበላ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በግንቦት 2016 ከአብሳዩና ጸሐፊው አንተኒ ቦርዴን ጋር በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የበሉት ይህንኑ ነበር።

ሁለተኛው፣ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራበትን ቤት መፈለግ ነው። የምግብ ዝርዝሩ አሥር ገጽ የሆነበት ቤት ለሁሉም ሊሆን ይሞክራል፤ ለሠላሳ ዓመት አንድ ድስት የጣደች ሴት ግን ያንን ድስት ታውቀዋለች። የአገሬው ሰው በብዛት የተቀመጠበት፣ ድስቱ የሚፈላበትና ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ቤት ለጤናም ይበጃል።

ሦስተኛው፣ ክልሉን በክልሉ መብላት ነው። ከ1802 እስከ 1945 የንዊየን ነገሥታት መናገሻ በነበረችው በሁዌ ቡን ቦ ሁዌ ይበላል፤ ጠጅ ሣር፣ የተብላላ የሽሪምፕ ድልህና ቃሪያ ያለበት ኃይለኛ መረቅ ነው። በዚያችው ከተማ በትንንሽ ሰሐኖች የሚቀርቡ የሩዝ ቂጣዎች የቤተ መንግሥቱን ጥንቃቄ ያስታውሳሉ። ጥንታዊት የወደብ ከተማ በሆነችው በሆይ አን ካው ላው የሚባለው ወፍራም ኑድል አለ፤ ከተማው ሰው ኑድሉ የሚቦካው ከአንድ የታወቀ ጉድጓድ በሚቀዳ ውኃ ነው ይላል። በሜኮንግ ደግሞ ባን ሴው አለ፤ የሩዝ ዱቄት በእርድና በኮኮናት ወተት ተበጥብጦ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ የሚያሰማው ድምፅ ስሙ ሆኖለታል። ይህ ቂጣ ተቈርሶ በሰፊ ቅጠል ይጠቀለላል፤ በማጥቀሻው ይነከርና በእጅ ይጎረሳል። ጠቅልሎ በመጉረስ ያደገ ሰው በዚያ ማእድ እንግድነቱን ይረሳል።

አራተኛው ቋንቋ ነው። ቬትናማውያን ሰውን የሚጠሩት በዝምድና ቃል ነው፤ አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እኅት፣ ታናሽ ወንድም እያሉ። ሻጯን «እትዬ» የማለት ያህል በሚገባት ቃል መጥራት ከብዙ የመንገድ መሪ መጻሕፍት የበለጠ በር ይከፍታል። በቤት ከተጋበዛችሁ ታናናሾቹ ታላላቆቹን በየተራ «ይብሉ» ብለው ሳይጋብዙ መብላት አይጀመርም። ጋባዣችሁ የተሻለውን ቍራሽ አንሥታ በሳህናችሁ ላይ ብታኖር ጉርሻ መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የመብያ እንጨቶቻችሁን ግን በሩዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉ፤ ለሙታን የሚጨስ ዕጣን ይመስላልና።

አምስተኛው ጾምንና የሃይማኖት ሥርዓትን የሚመለከት ነው። የአትክልት ምግብ ተብሎ በሚቀርበው ውስጥ እንኳን ኑዎክ ማም ሊኖር ይችላል። የሚጾም ሰው «ቻይ» የሚለውን ቃል ይያዝ፤ ይህ ከእንስሳት ተዋጽኦ የተለየ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ምግብ ነው። በጨረቃ አቈጣጠር በወሩ መባቻና በ15ኛው ቀን ብዙዎች ስለሚጾሙ በእነዚህ ቀናት የቻይ ምግብ በየቦታው ይገኛል። ሙስሊም መንገደኛ ደግሞ የአሳማ ሥጋ በብዛት እንደሚበላ ያስታውስ፤ ነገር ግን በአን ዣንግ አውራጃ የቻም ሙስሊሞች ማኅበረሰብ አለ፤ በሆቺሚን ከተማም ሐላል ቤቶች ይገኛሉ።

በመጨረሻም ቡና። የአረቢካ ቡና መገኛ ከሆነች አገር ለሚሄድ ሰው የቬትናም ቡና የሚያስተምረው ነገር አለ። ፈረንሳውያን ሚስዮናውያን በ1857 ቡናን ወደዚያ አስገቡ፤ ዛሬ ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ የዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት፤ አብዛኛው ምርቷም ሮቡስታ ነው። ሮቡስታ መራርና ኃይለኛ ነው፤ እነርሱም ይህን አልደበቁትም። በትንሽ የብረት ማጣሪያ ጠብ ጠብ እያለ ከሥሩ ባለው ስኳር የተቀላቀለበት የቆርቆሮ ወተት ላይ ይወርዳል። በ1946 በሃኖይ ወተት በጠፋበት ጊዜ አንድ የሆቴል ባለሙያ የእንቁላል አስኳል ከስኳር ጋር መትቶ በቡናው ላይ አኖረ፤ ያ ከችግር የተወለደ መጠጥ ዛሬ የከተማይቱ ኩራት ነው። በአረቢካ መለኪያ ብንመዝነው ጥበቡ ያመልጠናል።

በቤታችን ድስት

ከጉዞ የተመለሰ ሰው ያንን ጣዕም በቤቱ መፈለጉ አይቀርም። እዚህ ላይ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ መሠረቱን ጠብቁ፣ የቀረውን በምድራችሁ ካለው ነገር ሥሩ፣ የለወጣችሁትንም በስሙ ጥሩ።

ለጀማሪ የሚመቸው የዶሮ ፎ ነው። ቬትናማውያን ቤት ለቤት ጭራ ያደገችውን ዶሮ «የእኛ ዶሮ» ይሏታል፤ ከፈረንጅ ዶሮ አብልጠው ይወዷታል፤ ይህ የአበሻ ዶሮ ከምንለው ጋር አንድ ሐሳብ ነው። አንዲት ዶሮ በአራት ሊትር ያህል ውኃ ትጣዳለች። አንድ ትልቅ ዝንጅብልና ሁለት ሽንኩርት ልጣጫቸው እስኪጠቁር ድረስ በከሰል ላይ ይለበለባሉ፤ የጠቆረው ተፍቆ ወደ ድስቱ ይገባሉ። ይህን ደረጃ አትዝለሉት፤ የመረቁ ጣፋጭ ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀረፋ፣ ጥቂት የድንብላል ፍሬና የኮከብ ቅርጽ ያለው ቅመም በደረቁ ይታመሳሉ። በቬትናም ተራሮች የሚበቅለውና ጢስ ጢስ የሚለው ትልቁ የሄል ዘመድ ካልተገኘ፣ ኮረሪማችን የዚያው የዝንጅብል ቤተሰብ አባል ናትና አንዲት ፍሬ በእሳት ነካ አድርጋችሁ ተጠቀሙ። ሽታዋ የተለየ ነው፤ ግን ከድስቱ ጋር አትጣላም።

እሳቱ ዝግ ይበል፤ ድስቱ አይከደን፤ አረፋው በየጊዜው ይገፈፍ። ዶሮዋ ስትበስል ወጥታ ሥጋዋ ይዘለዘላል፤ አጥንቱ ግን ተመልሶ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይንተከተካል። በመጨረሻ ጨው፣ ጥቂት ስኳርና ኑዎክ ማም ይጨመራል። ደረቅ የሩዝ ኑድል ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከመቅረቡ በፊት በፈላ ውኃ ይነከራል። የማሾ ቡቃያ ገዝቶ ማጣት አያሳስብም፤ ማሾ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ በጨለማ ቦታ ተሸፍኖ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ ካገኘ በአምስት ቀን ውስጥ ይደርሳል። በሶብላ፣ ናና፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚና ቃሪያ በገበያችን አሉ፤ ጥሬ ስለሚበሉ በንጹሕ ውኃ በሚገባ ይታጠቡ።

ማጥቀሻው ደግሞ አንድ እጅ ኑዎክ ማም፣ አንድ እጅ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ እጅ ስኳር፣ ከአራት እስከ አምስት እጅ ለብ ያለ ውኃ፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ነው። ስኳሩ አስቀድሞ በውኃው ይሟሟ። ሰሜኖቹ ስኳሩን ይቀንሱታል፤ ደቡቦቹ ይጨምሩበታል።

የማይተካው ኑዎክ ማም ነው። በአኩሪ አተር ፈሳሽ የተካው ሰው መጥፎ ነገር አልሠራም፤ የጾሙን ዓይነት ሠርቷል፤ ያም በቬትናም የራሱ ስምና ክብር ያለው ምግብ ነው። ስሕተት የሚሆነው አንዱን ሠርቶ በሌላው ስም ማቅረብ ነው።

ስደትና ጣዕም

በቤት ስለ ማብሰል ሲነሣ አገራቸውን በግድ የለቀቁትን መርሳት አይቻልም። የሃኖይ ተወላጁ ደራሲ ቩ ባንግ ከ1954 በኋላ በሳይጎን ሲኖር የሃኖይን ጣፋጭ ምግቦች የሚዘክር መጽሐፍ በ1960 አሳተመ፤ በገዛ አገሩ ውስጥ ስደተኛ የሆነ ሰው የትውልድ ከተማውን በምግብ አስታወሰ። ከ1975 በኋላ ደግሞ እጅግ ብዙ ሕዝብ ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። በካሊፎርኒያ ዌስትሚንስተር «ትንሿ ሳይጎን» ተመሠረተች፤ በፓሪስ 13ኛ ወረዳና በሌሎች ከተሞችም የቬትናም ሰፈሮች ሰፉ። እነዚህ ሰዎች የለመዱትን ቅጠል ስላላገኙ በጓሮና በሰገነት ተከሉት። በአውሮፓ ያገኘኋቸው አንዲት አረጋዊት በክረምት የሚሞትባቸውን ቅጠል በየዓመቱ ከመስኮታቸው ሥር ባለ የቅቤ ጣሳ እንደ አዲስ ያበቅሉ ነበር። የእርሳቸው ፎ የበሬው አጥንት የአውሮፓ፣ ኑድሉ የታይላንድ፣ ቅጠሉ የጣሳው ነበር። ልጆቻቸው ግን ቬትናምኛ የተማሩት በዚያ ሳህን ዙሪያ ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጤፍ እንደ ልብ ባልተገኘባቸው ዓመታት በዋሽንግተንም ሆነ በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በስንዴ፣ በገብስና በሩዝ ዱቄት እንጀራ ጋግረዋል። ያንን እንጀራ «እውነተኛ አይደለም» የሚል ሰው የዱቄቱን ልክ ያውቅ ይሆናል፤ በዚያ ምጣድ ዙሪያ የተጠበቀውን ነገር ግን አላየም።

ክቡራንና ክቡራት፣ ወደ ማጠቃለያው ልምጣ። እውነተኛ የቬትናም ምግብ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ ወይም በአንድ መመሪያ ተዘግቶ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር እኩል ነው፣ መለኪያም የለም ማለት አይደለም። መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ መሠረቱን ማወቅ ነው፤ የተብላላውን ዓሣ፣ የቅጠሉን ሳህን፣ ለተመጋቢው የተተወውን የመጨረሻ ሥራ። ሁለተኛው፣ የለወጥነውን በግልጽ መናገር ነው። ሦስተኛው፣ በጉዞም ሆነ በገበያ ለሠሪው የሚገባውን ዋጋና ስም መስጠት ነው፤ በሃኖይ ማለዳ ለምትነሣው ሻጭም፣ በፉ ኩዎክ በርሜል ለሚጠብቀው ቤተሰብም፣ በባዕድ አገር በጣሳ ቅጠል ለሚያበቅሉት እናትም።

ከእናንተ መካከል ስለ ምግብ ጥናት ለመጻፍ የምታስቡ ተማሪዎች ካላችሁ «ይህ እውነተኛ ነውን?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ሠራው? በምን ሠራው? ለማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁንና አስተያየቶቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።